መጨረሻ ላይ የምትፈተሸው ሴት

አንድ ተራ ቀን ምን ያህል ያስወጣታል? የታክሲውንና የዳቦውን ሒሳብ ተዉት፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የእሷ ወጪ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ልጇ ዓይኗን ጨፍና፣ የእናቷን ጣት ጨብጣ፣ አንዱን ጡት ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ልትዞር ስትል እናቲቱ ጡቷን ከአፏ ላይ ትነጥቃታለች። ፋብሪካው በር ላይ ደግሞ "ልጅሽስ እንዴት ናት?" ሲሏት "ደህና ናት፣ ጡጦዋን ጠጥታ ተኝታለች" ትላለች፤ ውሸትም ወጪ ነው። ረፋድ ላይ መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ መቀርቀሪያ የሌለውን በር በእግሯ ደግፋ፣ የልጇ ጉንጭ መሆን የነበረበትን ወተት ወደ ጉድጓድ ታወርደዋለች። አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትደርስ ልጅቷ ጠግባ ተኝታ ካገኘቻት፣ ቀኑ ያላትን ሁሉ ተቀብሏት መልስ ሳይሰጣት ሄደ ማለት ነው።

የምትሠራው ኮት የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ረጅም አዳራሽ ነው፤ የስፌት መኪኖቹ በመስመር በመስመር ተደርድረዋል፤ ኮቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ በእጅ በእጅ ያድጋል። አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ ቁልፍ ታስራለች። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሰው የሚጠራው በሚሰፋው ነው። "ኪስ ዛሬ ቀረች"፣ "እጅጌ ልታገባ ነው አሉ" ይባላል። እሷ በኮቱ ትከሻ ውስጥ ያችን ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ስፖንጅ ስለምትገጥም "ትከሻ" ነው የምትባለው። ከጎኗ የምትቀመጠው "ኮሌታ" ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ የበለጠ የሰላ።

ትከሻ የተቀጠረች ቀን፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ከመነጽሩ በላይ አየት አድርጓት "ልጅ አለሽ?" ብሎ ጠይቋት ነበር።

"አዎ፣ አንዲት ሴት ልጅ።"

"ታጠቢያለሽ?"

ከእሷ በፊት የገባችው ሴት ለዚሁ ጥያቄ "አዎ" ብላ፣ "እንግዲያውስ ጡት ስታስጥዪ ተመለሺ" ተብላ ስትወጣ በሩ ላይ ተላልፈዋል። ሴትየዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር የወጣችው። ትከሻ ያንን ዓይን አየች፣ የቤት ኪራይዋን አሰበች፣ ባሏ በከባድ መኪና አገር ለአገር ሲንከራተት የሚያመጣት ነገር የት እንደምትደርስም ታውቃለች።

"ጡጦ ነው" አለች።

"ጎሽ! ዘመናዊ እናት ማለት እንዲህ ናት" አለ ኃላፊው ደስ ብሎት። "ብቻ ልንገርሽ፤ ሲቀጠር የዋሸን ሰው በተገኘበት ዕለት ነው የምናሰናብተው። አንድም ቀን አይጨምርም።"

ሥራ እንደ ጀመረች ጡቷ ሰዓት አያውቅ፣ ቅጥር አያውቅ፣ ልጅቷ በምትጠባበት ሰዓት አጋተና ሸሚዟ ላይ ሁለት ክብ ርጥበት ወጣ።

"ውሃ ደፋሽ እንዴ?" አለቻት ኮሌታ።

"ሻይ ነው።"

"ሻይ በሁለት በኩል እኩል ሲፈስ ዛሬ አየሁ።"

ያኔ ነው አንዲት ስፌተኛ እናት ብቻ ልታስበው የምትችለው ነገር የመጣላት። ከመኪናዋ ሥር የተበላሹ የትከሻ ስፖንጆች የሚጣሉበት ጆንያ አለ። ጠርዙ የተቀደደ፣ ልኩ የተሳሳተ፣ ነገ ተቃጥሎ የሚጣል። ሁለቱን አነሳችና ከጡት ማስያዣዋ ውስጥ አስገባቻቸው። ልክ ተለክተው የተሠሩላት ይመስል ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሸሚዟ ደረቀ። ማታ ከመውጣቷ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብታ አውጥታ ትጥላቸዋለች፤ ምክንያቱም ከፋብሪካው በር ቁራጭ ክር እንኳ ይዞ መውጣት ሌብነት ነው።

ሌባ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። የስፌት ክፍል ሴቶች የሚያስሩት ሻሽ ሰማያዊ ነው። ዕቃ ይዛ ስትወጣ የተያዘች ግን ብርቱካናማ ሻሽ ይሰጣታል፤ በእጅ ያለው የኮት ትእዛዝ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ድረስ እሱን አስራ ትሠራለች፤ ማታ ማታም ሌላው ሰው ሁሉ ተፈትሾ ከወጣ በኋላ መጨረሻ ላይ ትፈተሻለች። ሁለተኛ ከተያዘች ደህና ሁኚ ነው።

መጸዳጃ ቤት ለመሄድም ደንብ አለው። ለአንድ መስመር አንዲት "የመውጫ እንጨት" ብቻ ናት ያለችው፤ እንጨቷን ያልያዘች አትነሳም። ትከሻ እንጨቷን ይዛ ስትቆይ ኮሌታ አትምራትም።

"አንቺ፣ እዚያ የሚያቆይሽ ፊኛሽ ነው ወይስ ፍቅረኛሽ? እኛም እኮ ፊኛ አለን!"

"ውሃ አበዛሁ መሰለኝ።"

"ውሃ ከሆነ ለምንድን ነው ከባልሽ ጋር እንደታረቀ ሰው ፊትሽ በርቶ የምትመለሺው?"

መስመሩ በሙሉ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ከመሳቅ ሌላ ምን ታደርጋለች?

ቤት ውስጥ ልጅቷን የምትይዘው አማቷ ናት። አማቷ ደግ ሴት ናት፤ ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ብትሆን ትጣላት ነበር። ልጅቷን "ጉንጮ" ብላ ስም ያወጣችላት እሷ ናት፤ ጠዋት ገላዋን አጥባ፣ ቀን አዝላ፣ በሰዓቱ የጣሳ ወተት በጥብጣ የምትሰጣት እሷ ናት። ውሃውን አፍልታ፣ ጡጦውን ቀቅላ፣ በማንኪያው ልክ ለክታ፣ የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ሞክራ። ከሷ የተሻለ የጣሳ ወተት የሚበጠብጥ የለም፤ አሳምራ የተማረችው ደግሞ በጭንቀት ነው። የራሷን ልጅ በወለደች ጊዜ ጡቷ ደርቆ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ "እንዴት ያለሽ እናት ነሽ" ሲላት፣ ልጇን ያተረፈላት ጣሳው ነበር።

"ባልሽ በጣሳ ነው ያደገው" ትላለች። "ሾፌር ሆነ እንጂ ምን ጎደለው?"

ትከሻም ጣሳውን አትጠላውም። ቀን ቀን ልጇን ያቆየላት እሱ መሆኑ ጠፍቷት አያውቅም። ግን ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የነገረቻት ነገር ከጆሮዋ አይወጣም፤ ጡት የሚሠራው የተጠባውን ያህል ነው፣ ካልተጠባ ሥራውን ይተዋል ብላታለች። ጠዋት ተነጥቆ፣ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ፈስሶ፣ የቀራት የማታዋ ነበረች። ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምታጠባት። ከቀኑ ውስጥ የራሷ የሆነ ነገር ያ ብቻ ነው። እሱም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እያመለጣት ነው፤ ስትደርስ ጉንጮ ጠግባለች። አንድ ማታ ጡቷን ስትሰጣት ልጅቷ ፊቷን ዘወር አደረገችባት። ትልቅ ሰው ሲያኮርፍ እንደሚያደርገው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሸሚዟን እየቆለፈች አማቷን ለመነቻት።

"እማማ፣ ትናንት እምቢ አለችኝ።"

"ጠግባ ነዋ፣ ልጄ። አንቺ ደክሞሽ ትመጫለሽ፤ ትረፍ ብዬ እኮ ነው አጥግቤ የማቆይልሽ።"

"ሳልመጣ አይስጧት። እባክዎ።"

"ላስለቅሳት?"

"ትንሽ ብቻ።"

"ትንሽ ለቅሶ የሚባል ነገር የለም። እኛ ትልልቆቹ የምናለቅሰው በትንሽና በትልቅ ነው፤ ሕፃን የሚያለቅሰው በሙሉ ነው።" ከዚያ የምራቷን ፊት አየችና ለሰስ አለች። "እሺ። የፊት ለፊቱ ሱቅ መብራት እስኪበራ እጠብቅሻለሁ። መብራቱ ከበራ ግን የልጅ ልጄን በረሃብ አልቀጣም።"

ትከሻ ያን ቀን የሱቁን መብራት ይዛ ዋለች። ኮት ባለፈ ቁጥር መብራቱ ይታያታል። የመውጫው ደወል ሲደወል መኪናዋን አጥፍታ፣ ሽርጧን አውልቃ፣ ከመስመሯ ሁሉ ቀድማ ሮጠች። የመጸዳጃ ቤቱ በር ጋ ስትደርስ ሰልፍ አለ። "ብቆም የሱቁ መብራት ይቀድመኛል" ብላ አለፈች። ምን እንደረሳች ያወቀችው መፈተሻው መጋረጃ ውስጥ ገብታ እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ነው።

ፈታሿን ሁሉም "ራጅ" ነው የሚላት። እጇ ከሆድ ዕቃ ውስጥ ያለ ቁልፍ ያገኛል ይባልላታል። ትከሻን ከብብቷ ጀምራ ወረደች፣ ተመለሰች፣ ቆመች።

"ቆይ እስቲ።"

አንዱን ስፖንጅ ሳብ አድርጋ አወጣችው። ከዚያ ሁለተኛውን። መጋረጃው ተከፍቶ ነበርና ሰልፉ ሁሉ አየ።

"ውይ ጉዴ!" አለች ኮሌታ ከኋላ። "ትከሻ ትከሻ ሰረቀች!"

ሳቅ ሆነ። ራጅ አልሳቀችም። ስፖንጆቹን በጣቷ ጫን ጫን አደረገቻቸው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻቸው፣ ቀስ ብላም ዓይኗን ወደ ትከሻ አነሳች።

"ላብ ነው" አለች ትከሻ።

"ላብ" አለች ራጅ። "ነይ፣ ቢሮ እንሂድ።"

ከመፈተሻው እስከ ቢሮው ያለው ኮሪደር ጠባብ ነው፤ በግራም በቀኝም በካርቶን የታሸገ ኮት ተደርድሯል። ትከሻ በካርቶኖቹ መካከል ስትሄድ ሁለት በር ብቻ ታያት። እውነቱን ብትናገር "ስቀጠር ዋሽቻለሁ፣ አጠባለሁ" ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ተባራ ትሄዳለች። እውነቱን ብትደብቅ "ሰርቄያለሁ" ማለት ነው። የምታጠባ ትባረራለች፣ ሌባ ግን ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ሌባ መሆን ይሻላል ብላ የምታሰላበት ቀን ይመጣል ብሎ ሰው ቢነግራት መቼ ታምነው ነበር!

ኃላፊው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል።

"ተቀመጪ" አለ፤ ከዚያ ስፖንጆቹን አየና "አይ፣ ቁሚ" አለ። "ከመስመሩ ነው ከጆንያው?"

"ከጆንያው ነው ጋሼ። የተበላሸ ነው።"

"የተበላሸም ቢሆን የኛ ብልሽት ነው። ለምን ፈለግሽው?"

አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ አንዴ ተንፈስ ብትል ይወጣ ነበር።

"ለልጄ ትራስ ልሠራላት ብዬ ነው" አለች።

"ልጅሽ..." አለ አስታውሶ። "ጡጦ ነበረች አይደል?"

"አዎ፣ ጡጦ ናት።"

"ትራስ ለሕፃን ጥሩ አይደለም። ባለቤቴ ሐኪም ነግሯታል፤ ያፍናቸዋል።" ስፖንጁን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። "ለምንድን ነው የረጠበው?"

ትከሻ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከኋላዋ የራጅ ድምፅ መጣ።

"እጄን ታጥቤ ሳላደርቅ ነው የያዝኩት።"

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። ከመሳቢያው ብርቱካናማውን ሻሽ አወጣና ሰጣት። "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ደንብ ነኝ እንጂ። ሁለተኛ እንዳላይሽ።"

አልቆ ነበር። በሩ ጋ ልትደርስ ነበር። የኃላፊው ስልክ ጮኸና ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሚስቱ ናት። ከሚስቱ ድምፅ በፊት ግን የመጣው የሕፃን ለቅሶ ነው፤ ያ በሙሉ የሚያለቅሱት ለቅሶ።

"ኧረ ምን ሆኖ ነው እንዲህ?" አለ ሰውየው።

"ምንም አልሆነ፤ ሊጠባ ነው። እየመጣህ ነው ወይ ልልህ ነው የደወልኩት።"

"እየመጣሁ ነው። አንቺ ግን ምን ታስጮኺዋለሽ? ጡትሽን ስጪዋ!"

ትከሻ ጡቷ ውስጥ ያ መርፌ መርፌ የሚል ንዝረት ሲነሳ ተሰማት። ወተቱ የማን ልጅ እንዳለቀሰ አይጠይቅም። ስፖንጆቹ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። እጇን አጣመረች፣ ግን ሙቀቱ ከክንዷ ሥር ሲፈስ ታወቃት። ሻሹን ወደ ደረቷ ለጥፋ ያዘች።

ኃላፊው ስልኩን ዘጋ። "ሻሹ እኮ የሚታሰረው ራስ ላይ ነው" አለ።

መላወሻ አጣች። ሻሹን ብታነሳ ሸሚዟ ይናገራል፤ ባታነሳ ሰውየው ይነሳል።

"እኔ አስርላታለሁ" አለች ራጅ። መጥታ በኃላፊውና በትከሻ መካከል ቆመች፤ ጀርባዋ ሰፊ ነው፣ በር ይዘጋል። ሻሹን ወሰደችና የራሷን ሹራብ አውልቃ በትከሻ ላይ ጣል አደረገችባት፤ ከዚያ ሻሹን ስታስርላት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ እንዲህ አለቻት፤

"ራጅ የሚያየው አጥንት ነው። ወተት አያይም።"

ትከሻ ማልቀስ አማራት፤ ግን ያን ቀን ከሷ የፈሰሰው ይበቃ ነበር።

ከሚኒባሱ ወርዳ ቅያሱን ስትዞር የሱቁ መብራት በርቷል። ከበራም ቆይቷል፤ ባለሱቁ በሩ ላይ ተደግፎ ከሰው ጋር ይጫወታል። ቤት ስትገባ ጉንጮ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ እጅ የሰጠ ሰው መስላ ተኝታለች። ጡጦው ከሥሩ ጥቂት ቀርቶበት ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

"ብዙ ጠበቅኩሽ ልጄ" አለች አማቷ፤ እንደ ጥፋተኛ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። "ብዙ አለቀሰች። ሆዴ አልቻለም።"

"ምንም አይደል እማማ። ሥራ በዛ።"

"ይሄ የማን ሹራብ ነው?"

"የጓደኛዬ። በረደኝ።"

አማቷ ሹራቡን ገለጥ አድርጋ ሸሚዟን አየች። ብዙም አልጠየቀችም። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አመጣች፣ ቀጥሎ የተቀቀለ ንጹሕ ብርጭቆ። "በይ፣ ጡትሽ ድንጋይ ከመሆኑ በፊት እዚህ ውስጥ እለቢው። ጠዋት ከጣሳው በፊት ያንቺውን ነው የምሰጣት።" ትከሻ ዞር ብላ ስታልብ አማቷ ብርጭቆውን እያየች ቆየች።

"የኔው እንዲህ ቢሆን ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ተወችው።

ያን ማታ አዲስ ስምምነት አወጡ። የሱቁ መብራት ሲበራ ግማሽ ጡጦ፤ ለእናቷ ቦታ የሚተው፣ ለልጅቷ ትዕግሥት የሚሰጥ። ግማሹ ጥቂት ያቆያታል እንጂ ማታውን ሙሉ አያቆያትም። ሚኒባስ ውስጥ ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ስለከተተችው ሻሽ ትከሻ አልነገረቻትም። ደግ ሰው ፊት ሌባ ነኝ ማለት ክፉ ሰው ፊት ከማለት ይከብዳል።

አሁን በመስመሩ ላይ "ትከሻ" የሚላት የለም፤ "ትራስ" ሆናለች። ኮሌታ መቀሷን ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ራሷ ሳብ ታደርጋለች፤ መቀለዷ ነው፣ ግን መቀሱ ከተሳበበት አይመለስም። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች መውጫው ሰልፍ ላይ ቦርሳቸውን ወደ ፊት ያዞራሉ። ጡቶቿን አሁን የምትይዛቸው ከአሮጌ የሕፃን ፎጣ በሰፋችው ጨርቅ ነው፤ ከቤቷ ያመጣችው መሆኑን የምታውቀው ራጅ ብቻ ናት። ትእዛዙ ገና ብዙ ነው፤ ኮቱ አያልቅም።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሌባ ያስባላት ያችን የማታ ጡት ለማትረፍ መሮጧ ነበር። ሌባ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የምትፈተሸው። አዳራሹ በሙሉ እስኪወጣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ ራጅ ስትደርስባት አንዴ ዳሰስ አድርጋ "ሂጂ፣ ሩጪ" ትላታለች፤ ግን የሚኒባሱ ሰልፍ ያን ጊዜ ረዝሞ የፋብሪካውን አጥር ዞሯል። አንዳንድ ቀን ትደርሳለች። በደረሰች ቀን ጉንጮ ግማሽ ረሃቧን ይዛ፣ እየተነጫነጨች፣ ጣቷን ጨብጣ ትጠባለች። በቀደም ሁለቱንም ጡት ጨርሳ ቀና ብላ ሳቀችላት። ያልደረሰች ቀን ብርጭቆው አለ፤ እያነሰ የመጣ ብርጭቆ።

ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት። ጡት ይሻላል ጣሳ ይሻላል ብላችሁ አትምከሯት፤ ሁለቱንም ይዛ ነው የምትሮጠው። ሌባ አይደለችም ብላችሁም ለማንም አትመስክሩላት፤ ምስክርነቱ ያስባርራታል። እሷ የምትለው ይህን ብቻ ነው፤ "አመሻሽ ላይ በሚኒባስ ሰልፍ ቆማችሁ፣ ሁሉም ከመጣ በኋላ ብርቱካናማ ሻሽ በእጇ ጨብጣ፣ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራ እየሮጠች የምትመጣ ሴት ካያችሁ፣ ቦርሳችሁን አትጠብቁባት። እባካችሁ ዘወር በሉላትና አስቀድሟት።"